አልነሣ ያለው ሞተርና የሰሃላው አባት

ሬዲዮና ስልክ የራቀውን ሰው አቀረቡ ይባላል። አላቀረቡም። ይህን የምለው መሣሪያ የሚያስፈራኝ ሰው ሆኜ አይደለም፤ በወጣትነቴ እንጀራዬን የበላሁት በእነሱ ነው። ከቅርብ ሆኜ እንዳየሁት ከሆነ፣ እነዚህ ዕቃዎች ለሰው ልጅ ያበረከቱት ትልቁ ነገር መሄድ ለነበረበት ሰው ያለመሄጃ ሰበብ ነው። በዚህ የሚቆጣ አንባቢ ይኖራል። ይቆጣ። እኔ አንድ ቀን ሰቆጣ ላይ የሆነውን ልንገረው፤ ከዚያ ይፍረድ።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ የሬዲዮ ኦፕሬተርነት የተማርኩ፣ ሚስት የሌለኝ፣ መጽሐፍ ማንበብና አዋቂነት አንድ የሚመስሉኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ምድብ ሲወጣ ሰቆጣ ደረሰችኝ። ጓደኞቼ ሰው የሞተብኝ ይመስል በየተራ እየመጡ አጽናኑኝ።

ጣቢያው ከከተማው ጫፍ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተሠራ ባለ አንድ ክፍል የድንጋይ ቤት ነው። ከጎኑ ሞተሩ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ተለጥፋለች። ሞተሩ ባትሪዎቹን ይሞላል፤ ባትሪዎቹ ሬዲዮውን ያናግራሉ፤ ሬዲዮው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ከደሴ ጋር ያገናኘኛል። ሥራዬ ይኸው ነው። በቀረው ሰዓት አነባለሁ።

የሰቆጣ ሰው ክፉ አልነበረም። ሰላም ይለኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፣ ቦታ ይለቅልኛል። ግን እርስ በርሱ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ሲያወጋና ሲስቅ ይቆይና እኔ ስደርስ በአክብሮት ወደ አማርኛ ይዞራል። አማርኛው ሲመጣ ወጉ ያልቃል። ጥቂት ተቀምጬ፣ ሳሌን አጥርቼ፣ ሥራ እንዳለበት ሰው እነሣለሁ። ስወጣ ሳቁ ከኋላዬ ይቀጥላል። በእኔ እየሳቁ አልነበረም፤ ያ ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ጓደኛዬ ጌታቸው ነበር። ጌታቸው የደሴው ኦፕሬተር ነው። አይቼው አላውቅም። የመንግሥት መልእክት ሲያልቅ ስለ ኳስ፣ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ አለቆቻችን ሐሜት ባትሪው እስኪደክም እናወጋለን። ድምፁ ጎርናና ስለነበር ረጅምና ትከሻ ሰፊ አድርጌ ስዬዋለሁ። በዓለም ላይ የሚያውቀኝ እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ደጄ ላይ ያለው ከተማ ግን ከደሴ ይርቀኛል። ይህም ጤነኛ ኑሮ መስሎ ይታየኝ ነበር።

አያ ምሩፅ የመጡት በበጋ ነው። የሰሃላ ገበሬ ናቸው፤ ከእርሻቸው ሌላ ንብ አላቸው። ልጃቸው ስንዱ ከአፋፍ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ፣ ወጌሻ አሽቶት፣ ቁስሉ እየከፋ ሲሄድ አጎቷ በበቅሎ ጭኖ፣ ከዚያም በጭነት መኪና ደሴ ሆስፒታል አድርሷታል። አባትየው አብረው ያልሄዱበትን ምክንያት ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ያኔ አኩርቶኝ ነበር።

«ሰቆጣ ላይ ከደሴ የሚያነጋግር ብረት አለ አሉኝ» አሉ። «አጎቷ ከተማ ያውቃል፤ አማርኛውም ከኔ ይሻላል። እኔ እዚህ ብሆን ድምጿን እሰማ አይደል?»

ድምጿን አልሰሙም። ልጅቱ ከአልጋዋ አትነሣም። ሆስፒታሉና የደሴው ጣቢያ ስልክ ስላላቸው አጎቷ ለጌታቸው ይነግራል፣ ጌታቸው ለእኔ ይነግራል፣ እኔ ለአያ ምሩፅ እነግራለሁ። ዘመድ ቤት አርፈው በየጠዋቱ እየመጡ ከጣቢያው ጀርባ፣ ጥላ ካለበት ግድግዳ ሥር ይቀመጣሉ። ንግግራችን ሁልጊዜ አንድ ነው።

«አለ ወሬ?»

«ደህና ናት።»

«ተመስገን።»

ያን ዕለት ጠዋት የጌታቸው ድምፅ ቀልድ አልነበረውም። «ለምሩፅ ነው» አለ። «ሐኪሙ እግሯ መቆረጥ አለበት ይላል። ከጉልበቷ በታች። መርዙ ወደ ላይ እየወጣ ነው። አጎትየው ‹የሰው ልጅ እግር እኔ አላስቆርጥም፤ አባት አላት› ብሎ እምቢ አለ። ከሰዓት በኋላ ስንገናኝ አባትየው ቃሉን ይስጥ። ዛሬ ካለፈ ሐኪሙ ለሕይወቷ…»

ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ። የሬዲዮው መርፌ ወደ ታች ወደቀ። ባትሪው መድከሙን አውቅ ነበር፤ ከጠዋቱ ግንኙነት በኋላ ሞተሩን አስነሥቼ ልሞላው ነበር ሐሳቤ።

ወጥቼ ለአያ ምሩፅ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። የጣቢያው ዘበኛ፣ የአገሩ ልጅ ኪሮስ ያልገባቸውን በኽምጣኛ ደገመላቸው።

«እሷን ጠይቃችኋታል?» አሉ አያ ምሩፅ።

«ማንን?»

«ስንዱን። እግሩ የሷ አይደል?»

«ሕፃን ናት እኮ፣ አያ ምሩፅ። ውሳኔው የእርስዎ ነው።»

«የኔ ነው። መቼ እምቢ አልኩ? መጀመሪያ ግን ከአፏ ልስማ። ታምጣትና ታናግረኝ፣ ያች ብረት። ከዚያ ወዲያ ቁረጡ ብልም፣ ተዉ ብልም ዕዳው የኔ ይሁን።»

እንግዲህ የቀረው ሞተሩን ማስነሣት ነው። ገመዱን ጠምጥሜ ሳብኩ። አንድ ጊዜ ሳል ብሎ ተኛ። ደግሜ ሳብኩ። ሳለ፤ ተኛ።

ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው ብለው አስተምረውናል፤ ነዳጅ፣ እሳትና አየር። ቤንዚኑን አየሁ፤ አለ፣ ይወርዳል። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ ጠረግሁና ከብረቱ ጋር አስጠግቼ ገመዱን ሳብኩ፤ ብልጭ አለ። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ አራገፍኩ። ሁሉንም መልሼ አስሬ ሳብኩ። ሳለ፤ ተኛ።

«የመንግሥት ሠራተኛ ነው» አለ ኪሮስ በሩ ላይ ተደግፎ። «ካልለመኑት አይነሣም። እስቲ ‹ጌታዬ› በለው።»

«ዝም በል አንተ ሰውዬ።»

«እኔማ ዝም ብያለሁ። ዝም ያላለው እሱ ነው፤ ሁሉም ሰው ሲያስል ይሰማዋል።»

መምሪያውን መጽሐፍ አወጣሁ። ሞተሩ በተሠራበት አገር የተጻፈ ስለሆነ፣ አልነሣ ቢል ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚናገረው ምዕራፍ ግማሹ ስለ በረዶ ቀን ነው። የሰቆጣ ፀሐይ አናቴን እየጠበሰችኝ በረዶን ከሞተር ላይ የማራገፍ ጥበብ አነበብኩ። ካርቡራቶሩን ፈታሁ፤ ንጹሕ ነው። ንጹሕ መሆኑ አናደደኝ። ቆሻሻ ቢኖርበት ጠርጌው እፎይ እል ነበር።

አያ ምሩፅ መጥተው ከኪሮስ አጠገብ ቆሙ። «ታሞ ነው?»

«አዎ፣ አያ ምሩፅ።»

«የቱ ላይ?»

«እሱን ባውቅማ!» አልኩ፤ ከተገቢው በላይ ጮኼ ነበር። መዳፌን ገመዱ ልጦታል። ፀሐይዋ ከአናቴ ላይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አበርገሌ በኩል ማዘንበል ጀምራለች። ከሰዓት በኋላ የምንገናኝበት ሰዓት እየመጣ ነው፤ እሱ ካመለጠ የሚቀጥለው ነገ ጠዋት ነው፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ለስንዱ ላይኖር ይችላል። ሦስታችንም ይህን ስለምናውቅ ማንም አልተናገረውም።

በቀረኝ ጉልበት ሁሉ ሳብኩት። በዚህ ጊዜ ሲያስል ጭሱ በመጋጠሚያው በኩል ወደ ክፍሉ፣ ወደ ፊቴ ተመለሰ። እያሳለኝ ቆምኩ። የሞተሩ ማርሚታ፣ የጭሱ መውጫ፣ ግድግዳውን ሰንጥቆ ወደ ጓሮ የሚወጣ የብረት ቱቦ አለው፤ ጭሱ በዚያ መሄድ ሲገባው ለምን ወደ እኔ መጣ? አየር ሲሉን ስለ መግቢያው ነበር፤ ስለ መውጫው ያስተማረን የለም። ሮጬ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ከቱቦው በላይ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ የንብ መንጋ እንደ አቁማዳ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ያለው የቱቦው አፍ በጭቃና በእበት ተደፍኗል። የተወተፈ አይደለም፤ በመዳፍ ተለስልሶ፣ ዳር ዳሩ በጣት ተደምድሞ፣ ልክ እንደ ቀፎ አፍ በእንክብካቤ የተለሰነ ነው።

«ማነው ይህን ያደረገ?»

ኪሮስ ወደ ተራራው አየ።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ምሩፅ። ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር። «ትናንት አመሻሽ ላይ መጥቶ ሰፈረ። ሳልጠራው፣ ቀፎ ሳላጥንለት። ከዚህ ሁሉ ቤት መርጦ እኔ ከተቀመጥኩበት አናት ላይ። ይህ ቀዳዳ ጭስ ሲተፋ አይቼዋለሁ፤ ንብ ደግሞ ጭስ ካለበት አይቀመጥም። ደፈንኩለት። እኛ አገር ቀፎ ሲሸነቆርም እንዲህ ነው እምናደርግ።»

«አያ ምሩፅ፣ ይህ የሞተሩ አፍንጫ ነው! በዚህ ነው የሚተነፍሰው። ሲዘጋበት ይታፈናል።»

ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ቱቦውን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ሞተር ያዩት መሰለኝ።

«እንግዲያ የስንዱን ድምፅ ያፈንኩት እኔ ነኛ» አሉ።

ለመድፈኛው አንድ ዱላ ይበቃዋል። እጄን ስዘረጋ ኪሮስ ክንዴን ያዘኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ሲነካኝ የመጀመሪያው ነው። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል። «ቆይ እንጂ ወንድሜ። ሳይጠሩት የመጣ ንብ በረከት ነው። በራሱ ፈቃድ ቢሄድ ይሄዳል። ሰው ያባረረው እንደሆነ ግን…»

«እንደሆነ ግን ምን?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካረፈበት ሰው ቤት ነፍስ ይዞ ይሄዳል ይላሉ።»

«ታዲያ ቀፎ አምጡና አስገቡታ!»

«ፀሐይ እስኪበርድ አይነካም። አሁን ከነካኸው ተነሥቶ መሄዱ ነው።»

ፀሐይዋ እስክትበርድ ደግሞ የደሴ ሰዓት ያልፋል። እኔ መጽሐፍ አንባቢው ይህ ሁሉ ከንቱ እምነት መሆኑን ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። አያ ምሩፅ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጅ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያ ዝም በል።»

እሳቸው ከመንጋው ሥር ቆመው ቀስ ብለው በኽምጣኛ ተናገሩ። ይለምኑት ይሁን ይሰናበቱት አላወቅሁም፤ ኪሮስም አልተረጎመልኝም። ከዚያ ከወገባቸው ቢላዋ መዘው ራሳቸው የለሰኑትን ራሳቸው ፈንቅለው አወጡት። ንቦች ክንዳቸው ላይ ይሄዱ ነበር።

«ሂድ» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «አስነሣው።»

ገና አንዴ ስስበው ተነሣ። ሥራዬን ከያዝኩ ጀምሮ የሞተር ድምፅ እንደዚያ ቀን አስደስቶኝም አስከፍቶኝም አያውቅም። ወደ ጓሮ ስመለስ ጥቁሩ ጭስ መንጋውን ሸፍኖታል። መጀመሪያ ላላ፣ ከዚያ እንደ ጥልፍ ክር ተተረተረ፣ ከዚያ ተነሣና ከጽድ ዛፎቹ በላይ አልፎ ወደ ቆላው ሄደ። ኪሮስ አማተበ። አያ ምሩፅ ቀና ብለው አላዩትም፤ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ነበር።

ባትሪው ትንሽ እንደያዘ ደሴን ጠራሁ።

«የት ገባህ ሰውዬ!» አለ ጌታቸው። «ምን ይላል አባትየው?»

«ልጄን ከአፏ ልስማት ይላል። ያለዚያ ቃል አልሰጥም ብሏል።»

«ቆየኝ።»

ቆየሁት። ሆስፒታል ደወለ፤ አጎትየው ስንዱን ተሸክሞ ከነርሷ ጠረጴዛ አደረሳት። ያኔ ስልክን ከሬዲዮ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ አልነበረንም፤ ጌታቸው የስልኩን ማዳመጫ ከማይክሮፎኑ፣ መናገሪያውን ከሬዲዮው ድምፅ ማውጫ ጋር አጋጥሞ በሁለት እጁ ያዘው። እኔም ማይክሮፎኑን ለአያ ምሩፅ ሰጠኋቸው፤ ሲናገሩ እንዲጫኑ፣ ሲሰሙ እንዲለቁ አሳየኋቸው።

ጮኸው ተናገሩ። ለቀቁ። ከጭረቱና ከፉጨቱ ውስጥ ቀጭን የልጅ ድምፅ መጣ። ቃሉ አልገባኝም። እሳቸው ደገሙ፤ አሁን ባሰ ጮኹ። መልሱ አጭር ነበር። ሌላ ነገር አሉ፤ ስም የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር። እንደገና አጭር መልስ። በሩ ላይ የቆመው ኪሮስ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። አያ ምሩፅ ማይክሮፎኑን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆዩና መለሱልኝ።

«ቁረጡ በላቸው» አሉ በአማርኛ። «ምሩፅ ቁረጡ ብሏል በል።»

አልኩ። ጌታቸው ተቀበለኝና ቃሉን ለሐኪሙ ሊያደርስ ሄደ።

«ምን አለችዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«‹አባቴ አይደለህም› አለችኝ።»

ማይክሮፎኑን ከቦታው ሰቀልኩት።

«‹ምሩፅ ነኝ› አልኳት። ‹አባቴ እንዲህ አይናገርም፤ አንተ ብረት ነህ› አለች። የላሚቱን ስም ነገርኳት፣ የወንድሞቿን ስም ነገርኳት። ‹ይህን አጎቴም ያውቀዋል› አለች። ‹አባቴ ከሆንክ ና› አለች።»

ዱላቸውን አነሡ። «በየት በኩል ነው የሚኬድ?»

«አያ ምሩፅ፣ ነገ ጠዋት ወሬው እዚህ ይመጣል እኮ። መንገድ ላይ ሆነው ምንም አይሰሙም።»

«አንተ ስማው» አሉ። «አንተ መስማት ታውቃለህ።»

ስድብ አልነበረም። ኪሮስ ስንቅ ሊያቋጥራቸው አብሯቸው ወረደ። ደሴ የሚኬደው እስከ ኮረም በእግር፣ ከዚያ በተገኘው ጭነት መኪና ነው። የኮረሙን መንገድ ይዘው ከዓይኔ እስኪጠፉ አየኋቸው። ሞተሩ ከኋላዬ አምሮበት ይሠራል፤ ባትሪው ይሞላል፤ የምነግረው ሰው ግን የለም።

እግሯ የዚያኑ ዕለት ተቆረጠ። በማግሥቱ ጠዋት ጌታቸው «ነቅታለች» አለኝ፤ እኔም ወጥቼ የጓሮውን ባዶ ጥላ አየሁ። ከዚያ በኋላ በየግንኙነቱ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ሆነ፦ «አባቴ ተነሥቷል ወይ ትላለች።»

«ተነሥቷል በላት።»

«ብያታለሁ። አታምንም።»

በእነዚያ ቀናት የደረሰብኝ ብቸኝነት ከለመድኩት የተለየ ነበር። ልጅቱ መንቃቷን ከአባቷ በፊት አውቃለሁ። አባቷ መንገድ ላይ መሆኑን ከእሷ የበለጠ አውቃለሁ። ሁሉን አውቃለሁ፤ አንዱንም መንካት አልችልም። ይህ ደግሞ የዚያ ሳምንት ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ማሰብ ጀመርኩ። ማንበብ አቃተኝ። መጽሐፌን ዘግቼ ወደ ጓሮ እወጣና አያ ምሩፅ ይቀመጡበት የነበረ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ።

አንድ ጠዋት ጌታቸው ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ደረሰ» አለ።

«ምን አላት?»

«ምንም። አጎትየው እንደነገረኝ፣ ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እጇን ልካ ፂሙን ያዘች። እንደያዘች ተኛች።»

ንቡ ሄደ፤ ልጅቱ ተረፈች። ምልክት የሚያምን ሰው መልስ አያጣም፤ ኪሮስ «ንቡ ይዞ የሄደው እግሯን ነዋ!» አለኝ። በበኩሌ ይህን ያህል የሚረባ ክርክር ከብዙ ምሁር አልሰማሁም።

ወዲያው ፈቃድ ጠይቄ ደሴ ሄድኩ። በይፋ የሄድኩት መለዋወጫ ለማምጣት ነው፤ በእውነቱ ጌታቸውን ለማየት ነው። አጭር፣ ክስት ያለ፣ ራሰ በራ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሻይ ቤት ተቀመጥን። በሬዲዮ እንደለመድነው አንዳችን ስንናገር ሌላው ጨርሶ እስኪለቅ ይጠብቃል፤ ሲጨርስም «አበቃሁ» እስኪል ይጠብቃል። «ይሰማል?» አለኝ በመሐል፣ ከልማዱ። «ይሰማል» አልኩት። ሳቅን። ከዚያ የምንለው አጣን። ያን ሁሉ ጊዜ የልቤን የነገርኩት ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስኳር ያማስላል፤ እኔ በመስኮት የሚያልፈውን ሰው አያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ወሰደኝ። አያ ምሩፅ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ናቸው። ስንዱ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። አይነጋገሩም። ቆመን በቆየንበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቃል አልተለዋወጡም፤ ምንም የጎደላቸው ነገር ግን አልነበረም። ያ ዝምታና የሻይ ቤቱ ዝምታ ስማቸው አንድ መሆኑ ቋንቋችንን እንድታዘበው አደረገኝ።

አያ ምሩፅ አዩኝና ለልጃቸው በኽምጣኛ ነገሯት። ልጅቱ ከላይ እስከ ታች መረመረችኝ፤ አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?»

«‹ይኸ ደግሞ የማን አባት ነው?› አለች።»

ሰቆጣ ተመልሼ እስክዛወር ድረስ ሠራሁ። ሬዲዮውን አልሰበርኩም፤ መነኩሴም አልሆንኩም። ኽምጣኛ መማር ጀመርኩ፤ መጥፎ አድርጌ ተማርኩት፣ ከተማውም በአነጋገሬ በግልጽ ይስቅብኝ ጀመር። በሠፈር ለቅሶ እቀመጣለሁ፤ የታመመ ሰው ቤት ሄጄ የምለው ሲጠፋኝ ምንም ሳልል እቆያለሁ። ብቸኝነቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም አብሮኝ ነው። ግን በድምፅ እንደማይድን አውቄያለሁና ድምፅ እያጠጣሁ አላታልለውም።

አንተም ይህን ስታነብ አንድ ታሞ የተኛ ሰው ትዝ ብሎሃል። ደውለህለታል፤ «በርታ» ብለኸዋል፤ እሱም «ደህና ነኝ» ብሎሃል፤ በዚያው ዘግተኸዋል። አውቃለሁ። ዛሬ አትደውልለት። ተነሥና ሂድ።